ፀሐይ ያየው ሸክላ

ድምፄ አይወጣም። ከልጅነቴ ጀምሮ ሰው ትኩር ብሎ ሲያየኝ ጉሮሮዬ ይዘጋል። ትምህርት ቤት ሳለሁ አስተማሪው ሲጠይቀኝ መልሱን እያወቅሁት ቆሜ እቀር ነበር። ስድስተኛ ክፍልን ስጨርስ በዚያው ቀረሁ፤ ለምን ብሎ የጠየቀኝም አልነበረም። ጽሕፈቴ ግን ያምራል። መርካቶ ካሴት ቤት የተቀጠርኩትም በጽሕፈቴ ነው።

ቤቱ ከሸማ ተራ ብዙም በማይርቅ ጠባብ መንገድ ላይ ነበር። ከፊት ለፊት ካሴት ይሸጣል፤ ከመጋረጃው ጀርባ ደግሞ ከወለል እስከ ኮርኒስ አሮጌ ሸክላ ተደርድሯል። ባለቤቱን ጋሼ እላቸዋለሁ። መንግሥት ከተለወጠ ወዲህ በየአልጋው ሥር ተደብቆ የቆየ ሸክላ ሁሉ ወጥቶ ወደ እሳቸው ይመጣ ነበር። ፈረንጆችም አሮጌ ሸክላ እያሉ በየተራው መዞር ጀምረው ነበር። ማጫወቻው የተሰበረበት ሰው ሸክላውን ያመጣል፣ ጋሼ በካሴት ይቀዱለታል፣ ጊዜ ሲያጡም እኔ እቀዳለሁ፤ የካሴቱን ሽፋን ግን የምጽፈው እኔ ነኝ።

ሌላው ሥራዬ ሸክላ ማጠብ ነበር። ለብ ያለ ውኃ፣ አንዲት ጠብታ ሳሙና፣ ንጹሕ ጥጥ። መሐሉ ላይ ያለው ወረቀት ውኃ እንዳይነካው በሰሃን ይሸፈናል። ጥጡ መስመሩን ተከትሎ ይዞራል እንጂ መስመሩን አያቋርጥም። ከዚያ ሸክላው በሰሃን ማድረቂያ ላይ ጥላ ቦታ ይቆማል። ጋሼ ሥራውን ያስተማሩኝ ቀን፣ «የሕፃን ፊት እንደምታጥቢ አድርገሽ» አሉኝ። ቀጥለውም ሦስት ጣታቸውን አወጡ። «ሸክላ ሦስት ጠላት አለው። አቧራ፣ ጣት፣ ፀሐይ።»

ስለዚህ አላውቅም ነበር ማለት አልችልም።

ከእኔ በፊት የነበረችው ልጅ አንድ ሸክላ ጭራ በዚያው ቀን እንደተሰናበተች አክስቴ ነግራኛለች። አማኑኤል ሰፈር የምኖረው እሷ ጋ ነበር። «ከዚያ ቤት ከወጣሽ እኔ ሌላ የማውቀው ሰው የለም» ትለኝ ነበር፤ በክፋት ሳይሆን እንዲሁ እውነቱን ለመንገር።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሦስት ሰዎች ይመጣሉ። አንደኛው የጭነት መኪና ሹፌር ነው። በሄደበት አገር ሁሉ ማሲንቆና ዋሽንት በትንሿ ቴፑ እየቀዳ የሚመለስ፣ ከተማ ውስጥ የተሠራ ሙዚቃ ሁሉ የተበረዘ የሚመስለው ሰው ነው። ሁለተኛው ሸማ ተራ ያለ ልብስ ሰፊ ነው፤ እሱ ደግሞ ጃዝ ካልሆነ ጆሮውን አይሰጥም። ሦስተኛው ጡረታ የወጡ አዛውንት ናቸው፤ ጥቁር የቆዳ ቦርሳቸው ከጉልበታቸው አይወርድም። ባለ ቦርሳው ነበር የምንላቸው። ከሁሉም የበለጠ ሸክላ ያላቸው እሳቸው እንደሆኑ ሁሉም ያውቃል፤ ምን እንዳላቸው ግን ማንም አያውቅም። ሲጠየቁ አለኝም አይሉም፣ የለኝምም አይሉም። «እንዲያው አንዳንድ ነገር» ብለው ቦርሳቸውን ይጎትታሉ። አንድ ሸክላ ሁለት ሰው ጋ እንዳለ ከታወቀ ግማሽ ዋጋውን አጣ ማለት ነው፤ ውሰት ጠያቂውም ይበዛል። ሰብሳቢ ሁሉ እንዲህ ነው።

ጨዋታቸውን መዳፍ ይሉታል። ጋሼ ወረቀቱን በመዳፋቸው ሸፍነው ሸክላውን ማጫወቻው ላይ ያስቀምጣሉ፤ ማን እንደሚነፋ፣ ማን እንደሚመታ በጆሮ ብቻ መለየት ነው። የተሸነፈ ሻይ ያዝዛል።

«ይሄ ትራምፔት ነፊ ፖሊስ ኦርኬስትራ የነበረ ነው» ይላል ልብስ ሰፊው።

«አንተ ትራምፔት ሁሉ ፖሊስ ይመስልሃል። ቀይ መብራት ጥሰህ ነው እንዴ?» ይላል ሹፌሩ።

«ቀይ መብራት የምትጥሰውስ አንተ! ባለ ሁለት ጎማ እንኳ የለኝም።»

«ለዚህ ነዋ ጃዝ የምትወደው። የትም አይደርስም።»

እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ሽፋን እየጻፍኩ እሰማለሁ። ብዙ ጊዜ መልሱን አውቀው ነበር። ያጠብኩትን ሸክላ ሁሉ ጋሼ ስለሚሞክሩት ጆሮዬ ለምዷል። ከንፈሬን አንቀሳቅስና ዝም እላለሁ።

ነሐሴ ላይ ነው፣ ሰኞ ቀን። አንዲት ሴትዮ ዝናብ ላይ መጡ። ሸማ ተራ ነጠላ የሚሸጡ ናቸው፤ ልብስ ሰፊው ነበር ወደ እኛ የላካቸው። ከብብታቸው በነጠላ የተጠቀለለ ትንሽ ሸክላ አወጡ፤ በአንድ ፊት አንድ ዘፈን ብቻ የሚይዘው ዓይነት ነው። ፊቱ ላይ አንድ ዘፋኝ ይዘፍናል፤ ጀርባው ግን ዘፈን የለውም፣ ሙዚቃ ብቻ ነው። እዚያ ላይ ሳክስፎን የሚነፉት ባለቤታቸው ነበሩ።

«ሲሞት የስምንት ወር እርጉዝ ነበርኩ» አሉ። «ሌላ ያስቀረጸው የለም። ማጫወቻውንም እሱ ሲታመም ለመድኃኒት ሸጥኩት። እኔም ከዚያ ወዲህ ሰምቼው አላውቅ። ልጅቷ የፊታችን ሰኞ ወደ ቤይሩት ልትሄድ ነው፤ ለሥራ። አባቷን ሰምታው አታውቅም። በካሴት አድርጉልኝና ይዛው ትሂድ።»

ጋሼ የፊቱን ጥቂት አጫውተው፣ «ደህና ነው፣ አቧራ ብቻ ነው፤ ታጥቦ ይቀዳል። ቅዳሜ ከሰዓት ይምጡ» አሏቸው። ሴትዮዋ ግን ሸክላውን ለጋሼ አልሰጡም። ወደ እኔ ዞረው በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። «ልጄ፣ አደራ» አሉኝ። እሺ ለማለት አፌን ከፈትኩ፤ ድምፅ አልወጣም። ራሴን ነቀነቅሁ።

ጋሼ ሰው ሊያነጋግሩ ወጣ ሲሉ ጀርባውን ብቻዬን ሦስት ጊዜ ሰማሁት። ከበሮው ይቀድማል፣ ከዚያ ሳክስፎኑ ከሌሎቹ ቸኩሎ፣ ነገር እንደሚያመልጠው ሁሉ፣ ግማሽ እርምጃ ቀድሞ ይገባል። አንድ ረጅም ድምፅ አለ፤ ቀጥ ብሎ የተሳበ ክር ይመስላል። ሰውየው እስከ መጨረሻው ድረስ ትንፋሹን አይቆርጥም። እኔም አብሬው ትንፋሼን ይዤ ነበር።

ማክሰኞ አጠብኩት። ሳምንቱን ሙሉ ዝናብ ስለነበር ቤቱ ሁሉ ረጥቧል፤ ረቡዕ ጠዋትም መስመሩ ውስጥ ውኃ ይታይ ነበር። ያን ቀን ጋሼ ለቅሶ ሄደው ነበር። መብራት ጠፍቷል። ረፋዱ ላይ ድንገት ሰማዩ ተከፈተና ፀሐይ የማሳያውን መስታወት አልፋ ገባች። ሸክላውን አንስቼ ከመስታወቱ ሥር አቆምኩት። ለአምስት ደቂቃ ብዬ ነው፣ ውኃው እስኪደርቅ።

ከዚያ ባዶ ካሴት ማለቁን አስታወስኩ። ጋሼ፣ «ሳልመለስ ገዝተሽ ጠብቂኝ» ብለውኝ ነበር። በሩን ዘግቼ ወጣሁ። ካሴት አከፋፋዩ ጋ ወረፋ ነበር። ሰዎች እየመጡ ከፊቴ ይገባሉ፤ ተራዬ ነው ማለት ያቅተኛል። ስመለስ መንገዱን የጭነት መኪና ዘግቶት ኩሊዎች ጣቃ ያራግፋሉ። «ቦታ! ቦታ! እህት ዓለም፣ ትከሻሽን!» ግድግዳ ላይ ተለጥፌ ቆምኩ። ላብ አጥምቆኝ ፀሐይዋ እንዴት ትከርራለች እያልኩ ሳስብ ነው ሸክላው ትዝ ያለኝ።

እንዴት እንደሮጥኩ አላውቅም። በሩን ስከፍት ሸክላው ቦታው ላይ ነበር። የላይኛው ጠርዙ ግን ወደ ፊት ጎንበስ ብሏል፤ አንገቱን እንደ ደፋ ሰው። ሳነሳው ለስልሶ ሞቆ ነበር። ጠረጴዛ ላይ ባስተኛው አልተኛም፣ በአንድ ጎኑ ተነሳ። በእጄ ልጫነው ብዬ ፈራሁ፤ ይሰበራል ብዬ። ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ የመጣብኝ ሐሳብ ሴትዮዋ አልነበሩም። አክስቴ ነበረች፤ ከዚያ ጋሼ። ይህን ስጽፍ አሁንም አፍራለሁ። ሴትዮዋ የመጡብኝ ቆይተው ነው፤ ሁለት እጃቸው መጣብኝ።

የቅዳሜዎቹ ሰዎች አንድ ጊዜ ስለተጣመመ ሸክላ ሲያወሩ ሰምቻለሁ። በሁለት መስታወት መሐል አድርገህ፣ ከላይ ከባድ ነገር ጭነህ፣ ለብ ያለ ቦታ ታስቀምጠዋለህ፣ ቀስ ብሎ ይተኛል ሲሉ። ሸክላውን ካርቶን ውስጥ ደብቄ ወደ ምን አለሽ ተራ ሄድኩ። እዚያ ሁሉም ቆርቆሮ ይቀጠቅጣል። አንድ ምድጃ ሠሪ አጠገቡ የተሰባበረ የመስኮት መስታወት ከምሮ አየሁና ቆምኩ።

«ምን ፈለግሽ?»

ነገርኩት።

«ምን? ጮክ በይ!»

ደግሜ ነገርኩት። መዶሻውን አስቀመጠና ጆሮውን አስጠጋ። ጎረቤቱ ሳቀ። «ተዋት፣ እጅህን ልትጠይቅህ ነው!» አለው።

«መስታወት» አልኩ። «ሁለት። ይህን የሚያህል።» በእጄ አሳየሁት።

«የምን መስኮት ነው ይሄን የሚያህል? ለአይጥ ነው?» አለ። ግን ፊቴን አይቶ መሰለኝ ቀልዱን ተወው። ሁለት እኩል መስታወት ቆርጦ ጠርዙን በድንጋይ ሞረደልኝ። የሚከብድ ነገር እንደምፈልግ ስነግረው ክዳኑ የጠፋበት አሮጌ የከሰል ካውያ ጨመረልኝ።

ሁለት ቀን ሙሉ ሸክላው ከባንኮኒው ሥር በመስታወቶቹ መሐል ተኝቶ፣ ካውያው ላዩ ላይ ተቀምጦ፣ እኔ ከላይ ቆሜ ካሴት እሸጥ ነበር። ጋሼ ወደ ባንኮኒው በተጠጉ ቁጥር ከፊታቸው እቆማለሁ። አንድ ጊዜ እስክሪብቶ ወድቆባቸው ጎንበስ ሲሉ ከእሳቸው ቀድሜ ከመሬት አንስቼ ሰጠኋቸው። «ምነው ዛሬ ፈጠንሽ?» አሉኝ። ሐሙስ «የሴትዮዋን ቀዳሽው?» ብለው ሲጠይቁኝ፣ «ነገ» አልኩ። እሺ ብለው ሄዱ። ያመኑኝ መሆኑ ከመሰደብ የበለጠ አስፈራኝ።

አርብ አወጣሁት። አብዛኛው ተኝቷል፤ አንድ ጎኑ ግን አሁንም ከፍ ይላል። መርፌው ጠርዙ ጋ ሲደርስ ዘለለ። መርፌውን በያዘው ክንድ ራስ ላይ አንድ ሳንቲም አስቀመጥኩ፤ ይህንንም ከእነሱ የሰማሁት ነው። አልዘለለም። ግን ድምፁ ተወዛወዘ። ያ ቀጥ ያለው ረጅም ድምፅ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ሲቃ እንደያዘው ሰው። ሌላ ምን ላድርግ? ቀዳሁት። ሸክላውን ወደ ነጠላው መለስኩት። የካሴቱን ሽፋን ከመቼውም ይልቅ አሳምሬ ጻፍኩ። ሴትዮዋ ሃያ ምናምን ዓመት አልሰሙትም፣ አያውቁትም አልኩ ለራሴ።

ቅዳሜ ሦስቱ ሰዎች መጡ። ጋሼ ካሴቱን ከባንኮኒው ላይ አንስተው አዩት። «ዛሬ መዳፍ አያስፈልግም» አሉ። «እኔም ራሴ የፊቱን እንጂ ይህን አልሰማሁትም። የማታውቁትን ሳክስፎን ላሰማችሁ።» ቴፑ ውስጥ ከተቱት። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ እስክሪብቶዬን ጨብጬ ቀረሁ።

ከበሮው ገባ። ሳክስፎኑ ገባ። ያ ረጅም ድምፅ መጣ፣ ተወዛወዘም። አሁን ያውቃሉ አልኩ። አሁን ጋሼ መጋረጃውን ይገልጡታል።

«ቆይ!» አለ ሹፌሩ። «ቆይ፣ ቆይ። ይህን መልሰው።»

መለሱት።

«ይሄ ጃዝ አይደለም ጎበዝ። ይሄ ማሲንቆ ነው! ጣት ጭራው ላይ ሲርገበገብ ሰምታችሁ አታውቁም? ይሄ ሰውዬ ሳክስፎን ይዞ ማሲንቆ ነው የሚመታው። ሥሩ ከዚያ ነው። አላልኳችሁም?»

«ምን ማሲንቆ ታመጣብናለህ!» አለ ልብስ ሰፊው። ከመቀመጫው ተነስቷል። «ድምፁን ሆን ብሎ ነው የሚያጣምመው። እያወቀ! ጃዝ ማለት ይሄ ነው፤ ቀጥ ያለውን አጣሞ መመለስ። ያን ጊዜ እንዲህ የሚነፋ ሰው ነበረን ማለት ነው፣ የነጠላ ነጋዴዋ ባል! አጠገቤ ሆነው አልነገሩኝም እኮ!»

«አጣሞ መመለስ አለ ልብስ ሰፊ። የኔን ሱሪም እንዲሁ ነው ያደረግኸው።»

«ሱሪህን ተወው። እግርህ ነው።»

ጋሼ ሳቁ። «ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። እኔ ግን እንዲህ ያለ አነፋፍ ሰምቼ አላውቅም።»

ጥፋቴን እያደነቁት ነበር። ዝም ካልኩ ሁሉም ደህና ነው። ከዚያም አንድ ነገር አስተዋልኩ። ባለ ቦርሳው አንድ ቃል አልተናገሩም። ሌላ ጊዜ ሁለቱ ሲከራከሩ የሚዳኙት እሳቸው ናቸው። በመጋረጃው ቀዳዳ አየኋቸው። መነጽራቸውን አውልቀው በመሐረብ ያብሳሉ፣ ደግመው ያብሳሉ።

«እርስዎ ምን ይላሉ?» አላቸው ሹፌሩ።

«እኔ... ሰዓቴ ደርሷል» አሉና ተነሱ። ግን በዚያች ቅጽበት ዝናቡ ወረደ፤ ቆርቆሮው መናገር እስኪያቅት ጮኸ። ተመልሰው ተቀመጡ።

«ሸክላውን አምጣው እስቲ፣ መስመሩን እንየው» አለ ልብስ ሰፊው።

«የሰው አደራ ነው። አይነካም» አሉ ጋሼ።

ሴትዮዋ የገቡት ያኔ ነው፤ ከልጃቸው ጋር፣ ሁለቱም አንድ ላስቲክ ደርበው። ልጅቷ ከእኔ በጥቂት ዓመት ትበልጣለች። ፀጉሯን ለጉዞ ተሠርታለች፤ ዓይኗ ሥር ግን እንቅልፍ ያጣች ይመስላል። ልብስ ሰፊው ወንበሩን ለቀቀላቸው። «እትዬ፣ ባለቤትዎ ጉድ ናቸው! ቁጭ ይበሉና ይስሙ» አላቸው። ጋሼ ካሴቱን አስጀመሩ።

ሴትዮዋ መጀመሪያ ፈገግ አሉ። ከዚያ ረጅሙ ድምፅ መጣ፤ ፈገግታቸው ቀስ ብሎ ጠፋ። እጃቸውን ጉንጫቸው ላይ አደረጉ። ሲያልቅ ሁሉም የሚያለቅሱ መስሎት ነበር።

«ይንቀጠቀጣል» አሉ።

«እሱ ነው እኮ ውበቱ እትዬ...» ሊል ጀመረ ሹፌሩ።

«አይ። እሱ አይንቀጠቀጥም ነበር።» ጣሪያውን አዩ። «ይሄ የተቀረጸው ከመሞቱ ሁለት ዓመት በፊት ነው። ያኔም ታሞ ነበር ማለት ነው? ትንፋሽ አጥሮት? አጠገቡ ተኝቼ፣ አብሬው በልቼ፣ እንዴት ሳላውቅበት ቀረሁ?» ወደ ልጃቸው ዞሩ። «እኔ ነኝ ያላየሁት። ያኔ ሐኪም ቤት ወስጄው ቢሆን...»

ልጅቷ የእናቷን እጅ ያዘች።

ያን ጊዜ የተሰማኝን ፍርሃት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁትም። የመባረር ፍርሃት አልነበረም። ሴትዮዋ ይህን ይዘው እስከሚሞቱ ድረስ ሊኖሩ ነው፤ ልጃቸውም ይህንኑ ይዛ ባሕር ልትሻገር ነው። ተነሳሁ። መጋረጃውን ገልጬ ወጣሁ። ስድስቱም ዞረው አዩኝ።

«ምን ሆንሽ?» አሉ ጋሼ።

«አልታመሙም» አልኩ።

ዝናቡ ዋጠው። «ምን አለች?» አለ ሹፌሩ።

«አልታመሙም!» የጮህኩት እኔ መሆኔን ያወቅሁት ሁሉም ሲደነግጡ ነው። «እትዬ፣ ሸክላው ነው። ሸክላው ተጣሞ ነው። ፀሐይ ላይ ረስቼው ነው፤ ረቡዕ። በመስታወት ላስተኛው ሞክሬ ነበር። እሳቸው አልተንቀጠቀጡም። ቀጥ አድርገው ነው የነፉት። እኔ ሰምቼዋለሁ፣ ሰኞ፣ ሦስት ጊዜ።»

ጋሼ ነጠላውን ፈትተው ሸክላውን ወደ አምፖሉ አነሱት። ጠርዙ በግልጽ ይታይ ነበር። ሹፌሩና ልብስ ሰፊው እርስ በርስ አልተያዩም፤ አንዱ ጫማውን፣ ሌላው ሱሪውን ያያል።

«ሰኞ እንነጋገራለን» አሉኝ ጋሼ በመጨረሻ፤ ቀስ ብለው። ሰኞ የተነጋገርነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ለማሳያው መስታወት መጋረጃ እንዲሰፋለት። ያን ሰዓት ግን ይህን አላውቅም፤ ካርቶኔን የት እንዳስቀመጥኩ፣ ለአክስቴ ምን እንደምላት ነበር የማስበው።

ሴትዮዋ አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «እንግዲህ ቀጥ ያለው የለም ማለት ነው» አሉ። «አንቺ ብቻ ነሽ የሰማሽው።»

«እማዬ፣ ተይው» አለች ልጅቷ። «ይሄም ይበቃኛል።»

«አይበቃም» የሚል ድምፅ ተሰማ። ባለ ቦርሳው ነበሩ። ቦርሳቸውን በሁለት እጃቸው አቅፈው መሬት መሬት ያያሉ። «እኔ ጋ አለ።»

«ምኑ?» አሉ ጋሼ።

«ይሄው። ይሄው ሸክላ። እኔ ጋ አለ። ጭረት የለውም።»

ሹፌሩ ጭንቅላቱን ያዘ። «አያደርጉትም! ስንት ዓመት ስንለምንዎት! ያን ጊዜ እንኳ የዚህን ዘፋኝ ሸክላ ስፈልግ፣ ‹እንዲህ ያለ መውጣቱንም አላውቅ› አላሉኝም?»

«ብያለሁ።»

«እና አሁን እኔ ማሲንቆ ነው፣ እሱ ጃዝ ነው ስንል እያወቁ ነበር?»

«አነፋፉ ቀጥ ያለ መሆኑን አውቃለሁ። አርብ አርብ እሰማዋለሁ።» ወደ እኔ አዩና ወዲያው ዓይናቸውን መለሱ። «‹ልክ አይደላችሁም› ለማለት መጀመሪያ ‹ሸክላው አለኝ› ማለት ነበረብኝ። አልቻልኩም። ይቺ ልጅ ቻለች።» ተነሱ። «ቤቴ ሩቅ አይደለም።» ያንን ዝናብ ቦርሳቸውን ኮታቸው ውስጥ ደብቀው ወጡ።

አንድ ሰዓት ያህል ቆዩ። ሻይ መጣ፤ ማን እንዳዘዘው አላየሁም፣ የተሸነፈውም ማን እንደሆነ አልታወቀም። እኔ መጋረጃው ጋ እንደቆምኩ ነኝ። ልጅቷ አንዱን ብርጭቆ ሰጠችኝ። «እኔም ሰኞን እፈራለሁ» አለችኝ፣ በጆሮዬ።

አዛውንቱ ከላይ እስከ ታች በስብሰው ተመለሱ፤ ቦርሳው ግን ደረቅ ነበር። ሸክላውን ከሦስት ድርብ ላስቲክና ከጋዜጣ ውስጥ አወጡ። «አንድ ጊዜ ብቻ ይዞራል። ሳንቲም ምናምን አይደረግበትም» አሉ። ጋሼ ሊቀበሏቸው እጃቸውን ዘረጉ። አዛውንቱ ግን ጥቂት አመነቱና ወደ እኔ አመጡት። «ከአሁን በኋላ ከዚህች ልጅ በላይ የሚጠነቀቅ ሰው አይገኝም» አሉ። ቀልድ አልነበረም፤ እጃቸው ሸክላውን ሲለቅ አየሁት፣ ጣቶቻቸው አንድ በአንድ ነው የለቀቁት።

ጋሼ ባዶ ካሴት አዘጋጁ። እኔ ክንዱን አነሳሁ። ሁሉም አምፖሉን ያያሉ፤ መብራት አሁን ቢጠፋ ብለው። አሳረፍኩት።

ከበሮው ገባ። ሳክስፎኑ ግማሽ እርምጃ ቀድሞ ገባ።

«ይኸው!» አሉ ሴትዮዋ። እየሳቁ፣ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ይዘው። «ይኸው ችኩሉ! ሁሌ እንዲህ ነው። ሠርጋችን ቀንም ከሚዜዎቹ ቀድሞ ነው የደረሰው!»

ረጅሙ ድምፅ መጣና ቀጥ ብሎ ቆመ። ልጅቷ ዓይኗን ጨፈነች። ድምፁ አልቆ ሌሎቹ መሣሪያዎች ሲቀጥሉ፣ «ይሄ ሁሉ የሱ ትንፋሽ ነው? ሳያቋርጥ?» አለች። እናቷ ራሳቸውን ነቀነቁ። ልብስ ሰፊው ወደ ግድግዳው ዞረ። ሹፌሩ ማሲንቆም አላለ፣ ጃዝም አላለ።

መርፌው መጨረሻ ላይ ደርሶ ባዶውን ሲፍቅ ክንዱን አነሳሁ። ጋሼ የቴፑን ቁልፍ ተጫኑ። ተቀድቷል። ሴትዮዋ የተጣመመውን የራሳቸውን ሸክላ በነጠላው ጠቀለሉ፤ ይጣል ያለ የለም።

«ድገሙት» አለች ልጅቷ። «እዚያ ስሄድ ካሴቱን እሰማለሁ። አሁን ግን ከዚህ ልስማው።»

ሁላችንም ወደ ባለ ቦርሳው አየን። አንድ ጊዜ ብቻ ብለዋል። አዛውንቱ ሸክላቸውን አዩት፣ ልጅቷን አዩ፣ ከዚያ ቀና ብለው አምፖሉን አዩ።

«ቶሎ በይ ታዲያ» አሉኝ፣ «መብራት ሳይሄድ።»

መርፌውን ለሁለተኛ ጊዜ አሳረፍኩ። ሳክስፎኑ እንደገና ከሌሎቹ ቀድሞ ገባ፤ ረጅሙ ድምፅም ቀጥ ብሎ ወጣ።